ለጥሪው አቤት ያሉት

በአሜሪካዋ አላባማ ግዛት ሄሊቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከተማዋ እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቀው ቅርስ አንድ ቀይ ስልክ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1968 የአላባማ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ራንኪን ፋይት ከከንቲባው ቢሮ ሆነው 9-1-1 ደወሉ። (ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የኮንግረስ አባሉ ቶም ቤቪል ቀዩን ስልክ አነሱና «ሄሎ» አሉ። አብሯቸው ቡል ኮነር ነበር፤ ከአምስት ዓመት በፊት በርሚንግሃም ላይ በጥቁር ሰልፈኛ ልጆች ላይ ውሻና የእሳት አደጋ ውኃ ያስለቀቀው ያው ኮነር። የአሜሪካ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ ይህ ነበር። የተቃጠለ ቤት የለ፣ የተዘረፈ ሱቅ የለ፣ ምጥ የያዛት ሴት የለች።

ነገሩ ፉክክርም ነበረበት። ግዙፉ የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ለመላ አገሪቱ አንድ የአደጋ ጊዜ ቁጥር እንዲሆን 911ን መምረጡን ያስታወቀው በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ነው። አላባማ ቴሌፎን የተባለ ትንሽ ኩባንያ ይህን ሲሰማ ግዙፉን መቅደም አማረውና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ተገኘ። ሄሊቪል ዛሬም በየዓመቱ የ911ን በዓል ታከብራለች። ፖለቲከኛ ደወለ፣ ፖለቲከኛ አነሳ፣ ታሪክም ሁለቱን በስም መዘገበ። ከማግስቱ ጀምሮ ያንን ስልክ ሌት ተቀን ሲያነሱ የኖሩትን ግን ከከተማዋ ውጭ በስም የሚያውቃቸው ሰው ማግኘት ይከብዳል።

የሙያው ታሪክ በአብዛኛው እንዲህ ነው። እሳት አጥፊው ጢሱን ጥሶ ሲወጣ ይታያል። የአምቡላንስ ባለሙያውም ቃሬዛ ተሸክሞ ሲሮጥ ይታያል። ስልኩን ያነሳችውን ሴት ግን የሚያያት የለም። የእነዚህ ሰዎች ውለታ በታወሰበት ጊዜ መጀመሪያ ያስታወሰው ማን ነበር ብዬ ስፈልግ፣ መንግሥትም ኩባንያም ዘግይተው የደረሱ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ቀድሞ የተነሳው ብዙውን ጊዜ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ነው።

የሳራ ሩክን ነገር ላስቀድም። ዘመኑ 1908፣ በእኛ ነሐሴ 21 ቀን 1900 ዓ.ም. ነው። ቦታው በኒው ሜክሲኮ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ያለችው ፎልሶም፣ ባቡር የሚያልፍባት የከብት አርቢዎች ከተማ ናት። አጠገቧ የሚፈሰውን ወንዝ አገሬው ደረቁ ሲማሮን ይለዋል። ሩክ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ከሩቅ ወዳጅ ለመጠየቅ መጥተው አገሩን ወደዱትና በዚያው ቀሩ፤ የከተማዋ የስልክ ኦፕሬተርም ሆኑ። ያን ምሽት ከላይ ከደጋው ዶፍ ወረደ። ከከተማዋ በላይ ካለ እርሻ አንዲት ሴት ደውላ ደራሽ ውኃ እየመጣ መሆኑን ነገረቻቸው።

የዚያን ዘመን ማዞሪያ ያላየ አንባቢ ቀጥሎ የተደረገውን ለመገመት ይቸገር ይሆናል። ማዞሪያው ከእንጨት የተሠራ ሰሌዳ ነው። ፊቱ ላይ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ቀዳዳና አንድ ትንሽ የብረት ክዳን አለው። ደንበኛው ቤቱ ሆኖ የስልኩን እጀታ ሲያዞር ክዳኑ ቀጭ ብሎ ይወድቃል። ኦፕሬተሯ ገመዱን ቀዳዳው ላይ ትሰካና ማንን ላገናኝ ትላለች። እሷ ራሷ ልትደውል ስትፈልግም ሥራው ያው ነው፦ መሰካት፣ እጀታ ማዞር፣ ሰው እስኪያነሳ መጠበቅ፣ መናገር፣ መንቀል፣ ወደሚቀጥለው መሄድ። ሩክ ወደ 40 የሚጠጉ ቤተሰቦችን አስጠንቅቀዋል ይባላል። ለአንድ ቤት ግማሽ ደቂቃ ቢበቃ እንኳ 40 ቤት 20 ደቂቃ ይፈጃል። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ተነግሮት አይገባውም፤ «ምን አሉ?» ይላል፣ ማን እንደሆኑ ይጠይቃል፣ መብራት ይፈልጋል። በዚህ ሁሉ መካከል ውኃው ይመጣል።

መጣም። ቤቱን ከነማዞሪያው ጠርጎ ወሰደው። በዚያ ሌሊት ፎልሶም ከ15 በላይ ሰው ሞተባት፤ የሩክ አስከሬንም ከከተማዋ ብዙ ማይል ርቆ ተገኘ። የጆሮ ማዳመጫው ከራሳቸው ላይ አልወለቀም ነበር የሚል ወሬ አብሮ ይነገራል። እኔ አላምነውም፤ ቤት የነቀለ ጎርፍ ማዳመጫ የሚምርበት ምክንያት አይታየኝም። ታሪኩ ያለዚያም ይቆማል። ይልቅ የሚከብደኝ ሌላ ነው። ያቺ ከላይ የደወለችው ሴት ማስጠንቀቂያውን መጀመሪያ የሰጠችው ለሩክ ለራሳቸው ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በሩ ክፍት ነበር።

መቃብራቸው ለ18 ዓመት ያህል ይህ ነው የሚባል ምልክት አልነበረውም። በ1926 በዚያ አካባቢ ያሉ ግዛቶች የስልክ ሠራተኞች ተነሱ። ከ4,300 በላይ የሚሆኑ ሰዎች በሳንቲም አዋጥተው በፎልሶም መቃብር ስፍራ የድንጋይ ሐውልት አቆሙላቸው። አንድ ባለጸጋ በአንድ ቼክ ሊጨርሰው የሚችል ወጪ ነበር። ያዋጡት ግን ሩክን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ፣ ገመዱንና እጀታውን ግን አብጠርጥረው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ማን ይመሰክር?

ከርዕሴ ትንሽ ልውጣና፣ ያው ጎርፍ ሌላም ሰሚ ያጣ ሰው ታሪክ አለው። ጆርጅ ማክጀንኪን በባርነት የተወለዱ፣ በኋላ የአንድ ትልቅ እርሻ ኃላፊ የሆኑ ጥቁር ከብት ጠባቂ ነበሩ። ጎርፉ በሸረሸረው ገደል ውስጥ አጥንት ወጥቶ ሲያዩ የዘመኑ ጎሽ አጥንት አለመሆኑ ገባቸው። ለሰው ተናገሩ፤ በሕይወት ሳሉ ግን ሊቆፍር የመጣ ባለሙያ አልተገኘም። በ1922 አረፉ። የዴንቨር ሙዚየም ሰዎች መቆፈር የጀመሩት በ1926፣ የሩክ ሐውልት በቆመበት ዓመት ነው። በዓመቱ ከጎሹ የጎድን አጥንቶች መካከል የድንጋይ ጦር ጫፍ ተገኘ። የሰው ልጅ በአሜሪካ ምድር ከበረዶው ዘመን ማብቂያ ጀምሮ መኖሩ የተረጋገጠው በዚህ ነው።

ወደ ስልኩ ልመለስ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሴት ኦፕሬተሮች ቀጥሮ ወደ ፈረንሳይ ላከ፤ 223 ነበሩ። የተኩስ ትዕዛዝ፣ የጥይት ጥያቄ፣ የማፈግፈግ መልእክት ሁሉ በእጃቸው ያልፍ ነበር። ኦክቶበር 30 ቀን 1918 ከቬርደን ብዙም በማትርቀው ሱዊ እሳት ተነሳ። ማዞሪያውን ለቃችሁ ውጡ ሲባሉ አንወጣም አሉ። የወጡት በወታደራዊ ፍርድ ቤት ትቀርባላችሁ ተብለው ሲዛትባቸው ነው። አለቃቸው ግሬስ ባንከር በ1919 የጦሩን የላቀ አገልግሎት ሜዳይ ተሸለመች። አገራቸው ሲመለሱ ግን ጦሩ «እናንተ ሲቪል ነበራችሁ» አላቸው። መሐላ ፈጽመው፣ መለዮ ለብሰው፣ በጦር ሕግ ተዳኝተው ሲቪል! ከመካከላቸው ሜርል ኢገን አንደርሰን ለአሥርት ዓመታት ደብዳቤ ስትጽፍና ስትሟገት ኖራ፣ ፕሬዝዳንት ካርተር የወታደርነት መብታቸውን የሚያውቀውን ሕግ የፈረሙት በ1977 ነው። ያን ጊዜ በሕይወት የነበሩት ጥቂት ብቻ ናቸው። የኮንግረስ የወርቅ ሜዳይ የተፈቀደላቸው ደግሞ በ2024 መጨረሻ ነው፤ ተሸላሚ ሆኖ ሊቀርብ የሚችል አንድም ሰው አልቀረም።

ኩባንያው ራሱ ምንም አላደረገም ማለት አይቻልም። የኤቲ ኤንድ ቲ ፕሬዝዳንት የነበሩት ቴዎዶር ቬይል በ1920 ሲሞቱ በስማቸው የሜዳይ ሽልማት ተቋቋመ። በጎርፍ፣ በእሳትና በአውሎ ነፋስ ጊዜ ከቦታቸው ላልተነቃነቁ ሠራተኞች ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ እየተባለ ይሰጥ ነበር። ከተሸለሙት ብዙዎቹ የትናንሽ ከተማ ኦፕሬተሮች ናቸው። ከልብ አልነበረም አልልም። ቢሆንም ከሽልማቱ ያተረፈው ተሸላሚው ብቻ አልነበረም። አገሩን ጠቅልሎ ለያዘ፣ በዚህም ዘወትር ለሚወቀስ ኩባንያ ውኃ ውስጥ ቆማ ስልክ የምታገናኝ ልጅ ታሪክ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ ይሠራለታል።

አንዳንዴ ደግሞ ኦፕሬተሯ ምንም ብትጥር መሣሪያው ይከዳታል። ኖቬምበር 10 ቀን 1935 ለንደን፣ ዊምፖል ጎዳና ላይ አንድ የሐኪም ቤት ተቃጠለና አምስት ሴቶች ሞቱ። ጎረቤት ሆኖ የሚያይ ሰው እሳት አደጋ ለመጥራት ቀፎውን አንስቶ የሚመልስለት አጣ፤ ጥሪው ወረፋ ውስጥ ነበር። ሰውየው ተናዶ ለታይምስ ጋዜጣ ጻፈ፤ መንግሥትም ጉዳዩ እንዲጣራ አደረገ። ማዞሪያው ላይ ለምትሠራው ሴት የሚቃጠል ቤት ጥሪና ሰዓት ለመጠየቅ የሚደወል ጥሪ በአንድ ዓይነት መብራት ነበር የሚታያት። ከመቶ መብራት መካከል ሰው የሚሞትበት የቱ እንደሆነ በምን ትለየው?

መልሱ 999 ሆነ፤ ጁን 30 ቀን 1937 ለንደን ላይ ሥራ ጀመረ። ቁጥሩ የተመረጠው በጥንቃቄ ነው። 1 የሚደጋገምበት ቁጥር ቢሆን፣ በአየር ላይ የተዘረጉ ሽቦዎች በነፋስ ሲነካኩ ራሳቸው የደወሉ ሊመስሉ ይችላሉ። 9 ግን ከመደወያው መጨረሻ አጠገብ ስላለ ጨለማ ውስጥም ሆነ ጢስ ውስጥ ጣት በዳበሳ ያገኘዋል፤ የጎዳና ስልኮችንም ያለ ሳንቲም እንዲያስደውሉ ማስተካከል ቀላል ነበር። ማዞሪያ ቤቱ ውስጥ ቀይ መብራት ይበራል፣ ጡሩንባም ይጮሃል። በመጀመሪያው ሳምንት 1,336 ጥሪ ገባ፤ ዘጠና ያህሉ ቀልደኞች ናቸው። ዘንድሮ ጥሪ ማዕከል የምትሠራ ሰው ይህን ብታነብ የምትገረመው በቀልደኞቹ ማነስ ይመስለኛል።

እስከዚህ ድረስ የጥሪ ተቀባይ ሥራ ማገናኘት ነበር። ሙያውን የለወጠው ነገር የመጣው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ፊኒክስ፣ አሪዞና ውስጥ የእሳት አደጋው የሕክምና ባለሙያ ቢል ቱን ሕፃኗ መተንፈስ ካቆመች እናት ስልክ ሲደወል አምቡላንስ ልኬያለሁ ብሎ አልዘጋም። ምን እንደምታደርግ በቃል መራት። ይህ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ በሶልት ሌክ ሲቲ እሳት አደጋ የሚሠሩት ሐኪም ጄፍ ክላውሰን ጥሪ ተቀባዮች የሚጠይቁትን ጥያቄና የሚሰጡትን ትዕዛዝ በካርድ ላይ አሰፈሩ። ምን ሆነ? ዕድሜው ስንት ነው? ነቅቷል? ይተነፍሳል? በእነዚህ መልሶች ላይ ቀሪው ይመሠረታል።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ባልዋ ወለል ላይ የወደቀ ሴት ትጮሃለች። ጥሪ ተቀባዩ ስሟን ይጠይቃል፤ በስሟ ይጠራታል። ጀርባውን መሬት ላይ አስተኚው፣ የእጅሽን መዳፍ ደረቱ መሃል ላይ አድርጊ፣ ሌላውን እጅሽን ደርቢበት፣ አምስት ሴንቲ ሜትር እስኪሰምጥ ድረስ ተጫኚ ይላታል። ከዚያ አብሯት ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ እንደገና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው። ደከመኝ ስትል አታቁሚ ይላታል። የአምቡላንሱ ሰዎች በር ሲያንኳኩ ስልኩ ይዘጋል። ሰውየው ይዳን አይዳን አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረው የለም፤ ቀጣዩ ጥሪ ቀድሞ ይገባል።

ይህ ቆጠራ አንዳንዴ በአማርኛ ይካሄዳል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከሚታወቁት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው 911 ሲደውል ጥሪ ተቀባዩ አስተርጓሚ በስልክ ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ በአንድ መስመር ላይ ሦስት ሰው ነው ያለው። የእኛ ሰው ደግሞ አድራሻ ሲጠየቅ ከሱቁ አለፍ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ማለት ይቀናዋል። አዲስ አበባ 939 ወይም 907 ሲደወልም የሚሰማው ይኸው ነው። እዚያ ግን ማሽኑ የሚፈልገው የቤት ቁጥርና የጎዳና ስም ነው። ከድንጋጤ ውስጥ ያንን ቁጥር ነቅሶ ማውጣት የአስተርጓሚውም ሥራ ሆኖ ያርፈዋል።

የዚህን ሙያ ሳምንት የጀመረችውም ከውስጥ የተነሳች ሴት ናት። በ1981 በካሊፎርኒያ ኮንትራ ኮስታ ካውንቲ የሸሪፍ መሥሪያ ቤት ትሠራ የነበረችው ፓትሪሺያ አንደርሰን ለባልደረቦቿ የምስጋና ሳምንት ይሁን አለች። ሐሳቡ ከቢሮ ቢሮ፣ ከግዛት ግዛት ተዛምቶ ኮንግረስ የተቀበለው ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ነው። ዛሬ በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ይከበራል። በብዙ ማዕከላት በስልክ እየመራ ልጅ ያዋለደ ጥሪ ተቀባይ የወፍ ምስል ያለበት ትንሽ የደረት ጌጥ ይሸለማል። በፈረንጆች ተረት ሕፃን ይዛ የምትመጣው ያቺ ረጅም እግር ወፍ ናት። ከሜዳዩ ሁሉ ይቺን ነው የወደድኳት፤ ቢያንስ ተሸላሚው ጥሪው በምን እንዳለቀ ሰምቷል።

ሽልማት የሚሰጥበትም መንገድ የራሱ ጣጣ አለው። ጥሪው ሁሉ ስለሚቀዳ ዳኞች ቀረጻውን አድምጠው ይፈርዳሉ። ይኸው ቀረጻ ስህተት ሲፈጠር ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል፣ አገር ይሰማዋል። የተዋጣለት ጥሪ ደግሞ አለቃ ወይም ባልደረባ ካልጠቆመው መዝገብ ቤት ይቀራል። ጥሩ ጥሪ ሲሰሙት ምንም የተፈጠረ አይመስልም፤ ረጋ ያለ ድምፅ፣ አጫጭር ጥያቄ፣ አድራሻ። ጥሩነቱን የሚያውቅ እንደዚያ ረግቶ መናገር ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ነው።

በአሜሪካ መንግሥት የሥራ መደብ ዝርዝር ላይ ግን እነዚህ ሰዎች የተመዘገቡት ከቢሮና ከአስተዳደር ድጋፍ ሠራተኞች ተራ ነው፤ ፖሊስና እሳት አጥፊ የተመደቡት በሌላ ክፍል፣ ከጥበቃ ሙያዎች ጋር ነው። በ2018ቱ ክለሳ የመደቡ ስም ተለወጠ፤ ክፍሉ ግን ያው ሆነ። መደቡ ለስታቲስቲክስ እንጂ ለደመወዝ አይደለም የሚሉ አሉ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የሥነ ልቦና ድጋፍ፣ ቀድሞ ጡረታ የመውጣት መብት፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚነሳው መከራከሪያ «እናንተ እኮ ጸሐፊዎች ናችሁ» የሚል ነው። በ2019 ይህን የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ለኮንግረስ ቀረበ፤ ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ ቀርቧል። ረቂቁን ይዘው የኮንግረስ ቢሮዎችን ደጅ ሲጠኑ ከቆዩት መካከል ከሌሊት ፈረቃ የወጡ ጥሪ ተቀባዮችና ማኅበሮቻቸው ይገኙበታል። አንዳንድ ግዛቶች ዋሽንግተንን ሳይጠብቁ በራሳቸው ሕግ ቀድመው አስተካክለዋል፤ ቴክሳስ በዚያው በ2019 ከቀደሙት አንዷ ናት።